የማይወደድን ሰው መመልከት ስላለው ጥቅም

ሰው ታሪክ በሚሰማበት ጊዜ አስቀድሞ የሚፈልገው የሚወደውን ሰው ነው። ባለታሪኩ ጀግና ከሆነ አብሮት ይጀግናል፤ የተበደለ ከሆነ አብሮት ያዝናል፤ በመጨረሻም ደጉ ሰው ድል ሲያደርግ ድሉ የራሱ የሆነ ያህል ደስ ብሎት ከተቀመጠበት ይነሣል። ይህ የተፈጥሮ ጠባይ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማንወደው፥ ልንመስለው የማንሻ፥ ጎረቤታችን ቢሆን ቤት የምንቀይርበት ሰው ዋና ባለታሪክ ሆኖ ቢቀርብልን እርሱን መመልከት ምን ይጠቅመናል? ጊዜ ማባከን ነውን? ወይስ ከደጉ ሰው ታሪክ የማይገኝ ትምህርት ከእርሱ ዘንድ ይገኛል?

ስለ ጠባይ በደፈናው መናገር ነፋስን እንደ መጨበጥ ስለ ሆነ ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላይ አቆመዋለሁ። ምሳሌዬ አሜሪካኖች ለቴሌቪዥን የሠሩት «ቡፋሎ ቢል» የተባለ ተከታታይ አስቂኝ ቴአትር ነው። ኤን ቢ ሲ የተባለው ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጁን 1983 እስከ አፕሪል 1984 ድረስ አሳይቶ አቆመው። ክፍሎቹ 26 ብቻ ሲሆኑ እያንዳንዱ የግማሽ ሰዓት ጊዜ የተመደበለት ነው። የፈጠሩት ሰዎች ቶም ፓቼትና ጄይ ታርሲስ ይባላሉ። በ2005 በዲስክ ስለ ወጣ ፈልጎ ማየት ይቻላል፤ እኔም ያየሁት በዲስክ ነው። ይሁን እንጂ በተሠራበት አገር እንኳ ዛሬ የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ከእናንተ ከወጣቶቹ መካከል የእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ቢያየው እወዳለሁ፤ ምክንያቴንም ቀጥዬ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ዊልያም ኮዲ የተባለ አሜሪካዊ (1846–1917) በጎሽ አዳኝነቱ «ቡፋሎ ቢል» ተብሎ ይጠራ ነበር። በ1883 የፈረሰኞችና የተኳሾች ትርኢት አቋቁሞ በአሜሪካና በአውሮፓ እየዞረ ጀግንነትን ለሕዝብ በገንዘብ አሳየ። ከዚያ ልክ መቶ ዓመት በኋላ የቀረበው የቴሌቪዥኑ ቢል ግን ጎሽ ቀርቶ ድመትም አላደነም። ቡፋሎ የተባለው በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር፥ በኤሪ ሐይቅ ዳር ያለችው ከተማ ስም ነው። ሙሉ ስሙ ቢል ቢቲንጀር ይባላል፤ በዚያች ከተማ በአንድ ትንሽ የቴሌቪዥን ጣቢያ እንግዶችን የሚያነጋግርበት ፕሮግራም አለው። ስሙ የጀግና ሆኖ ሰውየው ግን ጀግና አለመሆኑ የቀልዱ መነሻ ነው።

ቢል ምን ዓይነት ሰው ነው? መልከ መልካም ነኝ ባይ፥ ንግግሩ የሚጥም፥ በካሜራ ፊት ፈገግታ የማያልቅበት ሰው ነው። መብራቱ ሲጠፋ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ምስጋና ሲመጣ የእርሱ ነው፤ ጥፋት ሲመጣ የሌላው ነው። ሴቶችን በመልካቸው ብቻ ይመዝናል፤ ከእርሱ የበለጠውን ይፈራል፤ ከእርሱ ያነሰውን ይረግጣል። ሰው ሲበድል ቆይቶ የተበደልሁ እኔ ነኝ ብሎ ያለቅሳል። የእኛ አባቶች «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ ሌባ አይደለም፤ ሕግ የሚከሰው ነገር የለም። ኃጢአቱ በየቢሮውና በየቤቱ በየቀኑ የሚሠራው ትንንሹ ኃጢአት ነው። ስለዚህም ነው የሚያስፈራው።

የቢልን ጠባይ ተሸክሞ የተጫወተው ዳብኒ ኮልማን ነው። ይህ ተዋናይ በ1932 ተወልዶ በ2024 ያረፈ ሲሆን ከዚህ ቀደም ሲል በ1980 በወጣው «ናይን ቱ ፋይቭ» በተባለው ፊልም ክፉ አለቃ ሆኖ ስለ ተጫወተ ሰዎች ያውቁት ነበር። ትልቁ ችሎታው ተመልካቹ እንዲያዝንለት አለመለማመጡ ነው። ሌላ ተዋናይ ቢሆን ኖሮ በመካከሉ ጥቂት እንባ፥ ጥቂት የልጅነት መከራ ጨምሮ «ይቅር በሉኝ» በሚል ዓይን ያየን ነበር። ኮልማን ግን ቢልን እንዳለ ትቶልን ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። የቴሌቪዥን አስቂኝ ቴአትር አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ መንገድ አለው። ባለታሪኩ በመጀመሪያ ያጠፋል፤ በመካከል ይዋረዳል፤ ግማሽ ሰዓቱ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ይጸጸታል፤ ሁሉም ተቃቅፈው ያበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ሰው ያንኑ ጥፋት ያጠፋል፤ ያንኑ ጸጸት ይጸጸታል። እንዲህ ያለውን ነገር ዘወትር የሚያይ ሰው ሳያውቀው አንድ የተሳሳተ ትምህርት ይማራል፤ ይኸውም ጸጸት ርካሽ ነው፤ ጠባይም በአንድ መልካም ንግግር ይለወጣል የሚል ነው። «ቡፋሎ ቢል» ይህን ርካሽ ጸጸት አይሸጥልንም። ቢል አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱን ያያል፤ እንዲያውም ከሁላችንም ይልቅ አጥርቶ የሚያይበት ሰዓት አለ። አይቶም አይለወጥም። ጥፋትን ማወቅና ጥፋትን መተው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ በግልጽ ያሳየኝ መጽሐፍ ጥቂት ነው።

አንድ ክፍል እንደ ማስረጃ ልጥቀስ። ለቢል ከፕሮግራሙ በፊት ሜካፕ የሚቀባው ኒውዴል የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ የተጫወተውም ቻርልስ ሮቢንሰን ነው። ቢል ይህን ሰው ከሥራው ያባርረዋል። ከዚያም በቅዠቱ ጥቁሮች ሊበቀሉት ሲመጡ ያያል። እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እንመርምረው። የቢል ኅሊና ሞቷል ማለት አይቻልም፤ ቢሞት ኖሮ እንቅልፉ ጥሩ ይሆን ነበር። ኅሊናው ሊጎበኘው መጥቷል፤ ነገር ግን የገባው በፍርሃት በር ነው። «ያ ሰው አሁን ምን ይበላል?» ብሎ አይጠይቅም፤ «እኔን ምን ያደርጉኝ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ከበደሉ በኋላ እንኳ የሚያስበው ስለ ራሱ ነው። ስንቶቻችን ነን ፍርሃታችንን ንስሓ እያልን የምንጠራው? ተማሪ ተይዞ ሲያለቅስ እንባው ስለ ጥፋቱ ይሁን ስለ ቅጣቱ ለይቶ ማወቅ ለአስተማሪ ከባድ ነው፤ ለተማሪው ራሱ ደግሞ የባሰ ከባድ ነው።

እኔ በልጅነቴ የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ይሰጡን የነበሩት የንባብ መጻሕፍት ደግ ልጅና ክፉ ልጅ ያሉባቸው ነበሩ። ደጉ ልጅ ይሸለማል፤ ክፉው ልጅ ከዛፍ ይወድቃል ወይም ወንዝ ይወስደዋል። እነዚህን መጻሕፍት አልነቅፍም፤ ማንበብ ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው። ኋላ ግን ራሴ ለሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማሪ ሆኜ ሳገለግል አንድ ነገር ደጋግሜ አየሁ። ስለ ሐሜተኛ ልጅ ምሳሌ ስናገር የክፍሉ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ወንበር ይዞራል። በዚያ ወንበር የተቀመጠውም ልጅ በበኩሉ ወደ ሌላ ልጅ ይዞራል። ወደ ራሱ የሚዞር አንድም የለም። ንጉሥ ዳዊትም ነቢዩ ናታን ስለ ድሀው ሰው በግ የነገረውን ምሳሌ ሰምቶ በበግ ቀሚው ባለጠጋ ላይ በቁጣ ሲፈርድ፥ የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ነቢዩ እስኪነግረው ድረስ አላወቀም። በደግና በክፉ የተከፈለ ታሪክ ስንሰማ ሁላችንም በደጉ በኩል እንሰለፋለን፤ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የተባለውም ይኸው ነው።

የማይወደደው ሰው ዋና ባለታሪክ በሚሆንበት ጊዜ ግን የምንሸሸግበት ደግ ሰው ይጠፋል። ዓይናችን የሚከተለው ቢልን ብቻ ስለ ሆነ ከእርሱ ጋር መዋል ግድ ይሆንብናል። በመጀመሪያው ክፍል እንስቅበታለን። በሦስተኛው ክፍል አንድ የምናውቀውን ሰው ይመስለናል። በአሥረኛው ክፍል ሳቃችን በድንገት ጉሮሮአችን ላይ ይቆማል፤ ያ የተናገረው ቃል ትናንት ከእኛ አፍ የወጣ ቃል ነውና። ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያች ሰዓት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «በክፉ ሰው የሚስቅ ክፋትን ይለምዳል፤ ቢል ሰውን ሲሰድብ የሳቀ ልጅ ነገ ራሱ ይሳደባል።» ይህ ተቃውሞ ዋዛ አይደለም። ደግሞም ክፉውን ሰው ባለታሪክ ማድረግ በኋለኛው ዘመን እንደ ፋሽን ሆኗል። በብዙዎቹ ፊልሞች ክፉው ሰው ብርቱ፥ ብልህ፥ የሚያስቀና ሆኖ ስለሚሣል ወጣቱ በስተመጨረሻ አለባበሱን ሳይቀር መኮረጅ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን እኔም አልመክርም። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ መመዘኛ አለኝ፤ ሳቁ የወጣው በማን ላይ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ከበዳዩ ጋር ሆነን በተበዳዩ የምንስቅ ከሆነ ያ ቴአትር መርዝ ነው። በበዳዩ ላይ የምንስቅ ከሆነ ግን መድኃኒት ነው። ቢል ሲሳደብ ትንሽነቱ እንጂ ብርታቱ አይታይም። ከስድቡ በኋላ በስቱዲዮው ውስጥ ብቻውን የሚቀረው እርሱ ነውና «እንደ ቢል በሆንሁ» ብሎ የሚመኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ ይህ የባዕድ ሰዎች ልማድ ነው፤ የእኛ ቴአትር መልካሙን ሰው አሳይቶ ማስተማር ነው የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው የቴአትራችንን ታሪክ ቢመለከት መልካም ነው። በዘመናዊ መልክ የተጻፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቴአትር የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው። ደራሲው የሰውን ጉድለት ለአውሬዎች አልብሶ አሳየ። ነገሩ በቤተ መንግሥት ዘንድ ቅሬታ ስላስነሣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት (እንደ እኛ አቆጣጠር 1909–1922) ታገደ። እንግዲህ ቴአትራችን ሥራውን የጀመረው ጉድለትን በሳቅ በማሳየት ነው። የሚለየው እነዚያ አውሬዎች ሲሆኑ ቢል ሰው መሆኑ ብቻ ነው፤ በአውሬ የሳቀ ሰው «እኔ ቀበሮ አይደለሁም» ብሎ ማምለጥ ይችል ነበር።

ስለ ቢል ብቻ ተናግሬ በዙሪያው ያሉትን ብተው ግን የነገሩን ግማሽ አስቀርቼ ይሆናል። አንድ ክፉ ጠባይ ያለው ሰው ብቻውን አይቆምም፤ የሚያቆሙት ሰዎች አሉ። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ካርል ሹብ (ማክስ ራይት) የቢልን ጥፋት ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ሥልጣኑም በእጁ ነው፤ ነገር ግን ይፈራል። አንድ ነገር ሊናገር ይጀምርና ቃሉን ይውጠዋል። እንግዲህ ሥልጣን ይዞ መፍራት የቢልን ያህል እንደሚያስተዛዝብ በዚህ ሰው ይታያል። የመድረኩ ኃላፊ ዉዲ (ጆን ፊድለር) ደግሞ የዋህ ሽማግሌ ነው፤ ቢል በልቡ ደግ ሰው ነው ብሎ ያምናል፤ ምንም ቢያደርገው እምነቱን አይተውም። የዉዲ የዋህነት ቅድስና ነው ወይስ ሞኝነት? እኔ አስቤ አስቤ ሁለቱም ነው ከማለት በቀር መልስ አላገኘሁም። ሰውን ተስፋ አለመቁረጥ ትልቅ ነገር ነው፤ ዳሩ ግን በዳዩ ያን ተስፋ ትራስ አድርጎ ይተኛበታል።

ከእነዚህ ሁለቱ መካከል መንገድ ያገኘችው የፕሮግራሙ ዲሬክተር ጆጆ ኋይት ናት። ጆአና ካሲዲ ይህችን ሴት ሆና በመጫወቷ በ1984 የጎልደን ግሎብ ሽልማት ተሸልማለች። ጆጆ ቢልን ወደደችው፤ ቢሆንም ፊት ለፊት እውነቱን ትነግረዋለች። በሁለት ተከታታይ ክፍሎች ከእርሱ መፅነሷና ጽንሱን ስለ ማስወረድ መወሰኗ ይነገራል። ስለዚህ ከባድ ጉዳይ አንባቢ የራሱ አስተያየት ይኖረዋል፤ ያንን እዚህ አልከራከርበትም። የማመሰግነው ነገር ደራሲዎቹ በዚያ ሰዓት ነገሩን ለቀልድ ማለፊያ አለማድረጋቸውን ነው። በከባድ ጊዜ ሰው በማን ላይ ሊደገፍ እንደማይችል ጆጆ አወቀች፤ እኛም ከእርሷ ጋር አወቅን።

ታዲያ ይህን ያህል መልካም ሥራ ከሆነ ለምን ተረሳ? ለኤሚ ሽልማት በብዙ መስክ ታጭቶ ነበር፤ የጋዜጣ ሐያስያንም አመስግነውት ነበር። ነገር ግን የሚመለከተው ሕዝብ በቂ ስላልነበረ ድርጅቱ ዘጋው። ሰው ከሥራ ደክሞ ማታ ሲገባ በሳሎኑ ውስጥ ወዳጅ ይፈልጋል፤ ቢልን የመሰለ እንግዳ ግን በየሳምንቱ የሚጋብዝ ጥቂት ነው። «ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል» እንደሚባለው ሥራው ከጊዜው ቀድሞ በቀለ። የሚገርመው ግን ይህ ነው። በዚያ ጊዜ የኤን ቢ ሲ የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ የነበረው ብራንደን ታርቲኮፍ በ1992 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ፥ በሥራ ዘመኑ ከሁሉ ይልቅ የሚጸጸትበት ውሳኔ «ቡፋሎ ቢልን» ማቋረጡ መሆኑን ጽፏል። ብዙ የተወደዱ ፕሮግራሞችን ያሳደገ ሰው ከሁሉ አስበልጦ ያዘነው በማይወደደው ሰው ነው። እንግዲህ የሰው ብዛት የአንድን ሥራ ዋጋ ሊነግረን አይችልም፤ የሚነግረን ስንት ሰው ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ብቻ ነው።

ይህን ቴአትር ለማየት ለሚወድ ወጣት ሦስት ምክር አለኝ። አንደኛ፥ ሁሉን በአንድ ሌሊት አትየው። እንዲህ ያለ ሰው እንደ በርበሬ ነው፤ በልክ ሲሆን ያጣፍጣል፤ ሲበዛ አፍን ያቃጥላል እንጂ ምንም አያስቀምስም። ሁለተኛ፥ ብቻህን አትየው። ከወንድምህ ወይም ከጓደኛህ ጋር ሆነህ እየው፤ አንተ የሳቅህበትን እርሱ ካልሳቀበት፥ ለምን እንደ ሆነ ተነጋገሩ። ከቴአትሩ ይልቅ ጭውውቱ የበለጠ ሊጠቅማችሁ ይችላል። ሦስተኛ፥ ሳቅህን በትክክል ከታተልው። በየትኛው ቃል ላይ እንደ ሳቅህና በየትኛው ቃል ላይ ሳቅህ እንደ ተቋረጠ አስታውስ። የተቋረጠበት ቦታ የአንተ ቦታ ነው።

የደጎችን ሰዎች ታሪክ ማንበብ ተዉ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ወዴት እንደምንሄድ የሚያሳየን የደጉ ሰው ታሪክ ነው፤ ያለ እርሱ መንገዱ አይታወቅም። ነገር ግን ወደ አንድ አገር ለመሄድ የሚነሣ ሰው መድረሻውን ብቻ ሳይሆን አሁን የቆመበትንም ስፍራ ማወቅ ይገባዋል። የቆምንበትን ስፍራ ወዳጆቻችን አይነግሩንም፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ጠላቶቻችን ቢነግሩን አንቀበላቸውም፤ ቂም ነው እንላለን። እንደ ቢል ያለው ሰው ግን ወዳጃችንም ጠላታችንም አይደለም፤ ማንነታችንንም አያውቅም። ምንም ሳይመክረን፥ ስማችንንም ሳይጠራ ያሳየናል። እንዲህ ያለ መስታወት ሲገኝ ፊቱን የሚያዞር ሰው ንጹሕ ስለ ሆነ አይደለም የሚያዞረው። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ የምትወዱትን ሰው ለማየት ጊዜ እንደምትሰጡ ሁሉ ለማትወዱት ሰውም ጥቂት ጊዜ ስጡ፤ ከእርሱም ፊት ስትነሡ በመጀመሪያ የምታገኙትን ሰው በሰላምታችሁ ከትናንት ይልቅ ጥቂት አክብሩት።